የቡፌው መብራት

ልጅቱ ማብሪያውን ስትጫነው የቡፌው ውስጥ እንደጨለመ ቀረ። ከኋላዋ የተቀመጠው አባቷ ዕድሜ ልኩን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር ስህተቱን ቀድሞ አይቶታል፤ ልጅቱ የገጠመችው የኤል ኢ ዲ መብራት ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ታስረዋል። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ካቻቢቴ ባይዝም፣ ሌላ ሰው የቤቱን ሽቦ እንዲነካ አንድም ቀን ፈቅዶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቆለፈ።

«አባዬ፣ አይተኸዋል አይደል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ዓይኔም ደክሟል።»

ልጅቱ ሳቅ ብላ ሶኬቱን ነቀለች። ሽቦውን ከሥር ጀምራ በጣቷ እየዳሰሰች ስትከተለው እሱም በዓይኑ ተከተላት። መጋጠሚያው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ማንም ሳይነግራት ሽቦዎቹን ፈታ አቀያየረቻቸው፣ አጥብቃ አሰረቻቸው፣ በፕላስተር ጠቀለለቻቸው። ሶኬቱን መልሳ ሰክታ ስታበራው ቡፌው ውስጥ የተደረደሩት የእናቷ ብርጭቆዎች ከላይ እስከ ታች ቦግ አሉ።

አባትየው ተነሥቶ መጋጠሚያውን ሳብ ሳብ አደረገው። ንቅንቅ አላለም።

«እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አላስርም» አለ ቀስ ብሎ። «በይ መሰላሉን አምጪና የኮርኒሱን ሽቦ ላሳይሽ። ከእንግዲህ የዚህ ቤት መብራት ያንቺ ነው።»