ባለ አረንጓዴ ባርኔጣዋ

ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ልጁን ይዞ ጉዞ የሚወጣ ጀርመናዊ አባት ወይ ደፋር ነው ወይ አላሰበበትም። ግሬጎር ሁለቱም ነበር።

ያለ ፈቃድ ልጅ ከትምህርት ማስቀረት ያስቀጣል። አየር ማረፊያ ላይ ፖሊሶች ተማሪ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ካዩ ያስቆማሉ፤ ስለዚህ ግሬጎር ባቡር መረጠ። ከሙኒክ ቬሮና፣ ከቬሮና ቬኒስ። ትምህርት ከተዘጋ በኋላማ ባቡሩም ሆቴሉም ሞልቶ መላወሻም የለ።

ሚስቱ አንያ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ልጆቻቸውን ላስቀሩ ወላጆች የሚላከውን የቅጣት ደብዳቤ የምትፈርመው እሷው ራሷ ናት፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት።

“ከተያዝን ሥራዬን አጣለሁ” አለችው። “አንተ ምን ቸገረህ!”

“ማን ይይዘናል? ልጃችንን ጉሮሮዋን አሟታል ብዬ ደውያለሁ። ትምህርት ቤቱን እንደሆነ የጉሮሮ ሕመም አዳርሶታል፤ ያቺ አስተማሪዋ ወይዘሮ ብራንትነር እንኳ ታማ ተኝታ የስፖርት አስተማሪው ነው አሉ ሒሳብ የሚያስተምራቸው።”

ዘጠኝ ዓመቷን የያዘችው ሪኬ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጣት። ጉሮሮዋን የታመመ ልጅ አያወራም። አባቷ ሳይፈቅድላት አንዲት ቃል ከተነፈሰች ቬኒስ ላይ ጀልባ የለም። ሪኬ ደግሞ ቃል ከገባች ገባች ነው፤ በዚህ በማን እንደወጣች አይታወቅም።

ባቡሩ ተነሣ። አንያ ቅቤ የተቀባውን ዳቦና የተከተፈውን ኪያር ከምሳ ዕቃው አውጥታ ደረደረች። ከመተላለፊያው ማዶ አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጋዜጣ ታነባለች። ሴትዮዋ ጋዜጣውን ዝቅ ስታደርግ ዓይኗ ሪኬ ላይ ዐረፈ። ወዲያው ጋዜጣውን መልሳ ፊቷ ላይ ገተረችው፤ ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ተራሮች እስኪታዩ አንድም ገጽ አልገለጠችም።

“አየኻት?” አለች አንያ በሹክሹክታ። “ከመሥሪያ ቤቴ የክትትል ክፍል ትሆናለች። ዘንድሮ አዳዲስ ሰዎች ገብተዋል፤ ሁሉንም አላውቃቸውም።”

ሪኬ የአባቷን እጅጌ ጎተተች። ግሬጎር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አፈጠጠባት።

ሴትዮዋ ስልኳን አንሥታ ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች። ልትደውል ነው! ከዚህ በኋላ የሆነውን እግዜር ያሳያችሁ። የተከፈለበትን መቀመጫ ጥለው፣ ሻንጣ እየጎተቱ፣ የሰው እግር እየረገጡ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ሄዱ። እዚያ መቀመጫ የለም። ቆመው ተጓዙ። ቆመውም ተጨቃጨቁ።

“አንተ ስለዚህች ልጅ ትምህርት ምን ገዶህ!” አለች አንያ። “እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ የወላጆች ስብሰባ ሂድልኝ ስልህ ኳስ ስታይ አመሸህ።”

ግሬጎር ዘዴ ፈጠረ። ከፊታችን ባለው ጣቢያ፣ ቦልዛኖ ላይ እንውረድ፤ ሴትዮዋ በዚሁ ባቡር ትሂድ፣ እኛ በሚቀጥለው እንመጣለን አለ። ወረዱ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ፣ ከመድረኩ ወዲያኛው ጫፍ አረንጓዴው ባርኔጣ ቆሟል።

ሴትዮዋም አየቻቸው። ዞር ብላ ሩጫ በሚመስል እርምጃ ከቡና መሸጫዋ ኪዮስክ ጀርባ ገባች።

“ተደብቃ ልትጠብቀን ነው” አለ ግሬጎር።

ሪኬ እንደገና እጅጌውን ያዘች። በጣቷ ጉሮሮዋን አሳየችው፤ ቀጥላም ኪዮስኩን።

“ጠምቷታል” አለች አንያ፣ የሎሚ መጠጥም ገዛችላት። ሪኬ ጠርሙሱን ተቀብላ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ጠጣች እንጂ ምን ታድርግ።

ቬሮና ሲደርሱ ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ አንቀላፍታ ነበር፤ ተሸክመው አወረዷት። ቀድመው የያዙት ሆቴል ዘገያችሁ ብሎ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቶታል። ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ማረፊያ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኙ፤ ቧንቧው ያጉረመርማል። ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተኙ።

ጠዋት ለቁርስ ሲወርዱ አረንጓዴው ባርኔጣ ከአንድ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ ዳቦዋን ማርማላታ እየቀባች ነው። ቀና አለችና ቢላዋው ከእጇ አመለጣት። ልትነሣ ብላ በሩን አየች፤ በሩ ላይ ደግሞ እነሱ ቆመዋል።

አንያ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። “አለቀልኝ” አለች፤ እንባዋ መጣ። “ዐሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት!” ከዚያ ሪኬን አቅፋ ፀጉሯን ሳመቻት። “ተናገሪ የኔ ልጅ፤ እንደፈለግሽ አውሪ። ከእንግዲህ ምን ቀረ።”

ግሬጎር የሚስቱን እንባ አየ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያስሮጣት የዋለው እሱ ነው። የመጣው ይምጣ ብሎ ሴትዮዋ ጠረጴዛ ፊት ሄዶ ቆመ።

“እመቤቴ፣ ይብቃ” አላት። “ማን እንደሆኑ ገብቶናል። ልጅቷን ምንም አላመማትም፤ ዋሽቼ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እኔን ይቅጡኝ፣ ባለቤቴን ግን ይተዉልኝ። አጥፍቻለሁ።”

ሴትዮዋ እንደ ቲማቲም ቀላች።

ሪኬ ከአባቷ ጀርባ ብቅ አለች፤ እጇን እንደ ጨዋ ልጅ ዘረጋችና፣

“እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ብራንትነር፤ ጉሮሮዎን ተሻለዎት?” አለች።