አረንጓዴ ብናኝ

አናጢው ጠዋት ዕቃ አድርሶ ሲመለስ የእንጨት ማለስለሻ ማሽኑን ገመድ ከሶኬት ነቀለና የአቧራ ከረጢቱን አራገፈ። ሳምንቱን ሙሉ ያለሰለሰው ነጭ ጣውላ ነበር፤ ከከረጢቱ የወጣው ግን አረንጓዴ የቀለም ብናኝ ነው። ማሽኑን ገለበጠው። ያለቀው የብርጭቆ ወረቀት ተነስቶ በአዲስ ተተክቷል። "ይህችን ማሽን ማን ነካት?" አለ፣ የቀላ ዓይኑን እያሸ።

ማዶ ወንበር የሚጠግነው ባልደረባው ቀና ሳይል፣ "እኔ ምን አውቄ?" አለና ጆሮውን አከከ። ሲዋሽ ሁሌም ጆሮውን ያክካል። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊክደኝ ነው፣ አለ አናጢው በልቡ፤ ተደብቆ የራሱን ሥራ ሲሠራባት ነው የከረመው! ከተገዛ ጀምሮ ሳይከፈት ሚስማር ላይ ወደተንጠለጠለው የዓይን መከላከያ መነጽር ዞረ። የቀረው ባዶ የላስቲክ ማሸጊያው ብቻ ነበር። "ደግሞ ሌባ ሆንክልኝ? የማንን ዕቃ ነው የፋቅክባት?"

"የኛን" አለች ሚስቱ ከደጃፍ። ፀጉሯም ቅንድቧም አረንጓዴ ለብሷል፤ ንጹሕ የሆነው የዓይኗ ዙሪያ ብቻ ነው። መነጽሩን በእጇ ይዛለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ነገ ያልከኝን በር። እሱ ላይ ምን ታፈጣለህ? እንዳትነግረው ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ። እሱማ ወረቀቱን ቀይሮ ሰጠኝና፣ 'እባክሽ መነጽሩን አድርጊ፣ ባልሽን እንደሆነ ብለምነው ብለምነው እምቢ ብሎኛል' አለኝ።"

አናጢው ዓይኑን ሊያሽ ያነሳውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተ።