የመምህሩ መዝገበ ቃላት

የሰዋስው መምህሩን ተማሪዎቹ «ማኅተም» ይሉታል፤ እሱ አንዴ ካለ አለቀ። ክርክር ሲነሣ ጣቱን ወደ ቁም ሣጥኑ ይቀስርና «መዝገበ ቃላቱ እንዲህ ነው የሚለው» ይላል። ሣጥኑን ከፍተው ያሳዩን ያለው ተማሪ ግን የለም፤ ማን ደፍሮ!

ዘንድሮ አንዲት ልጅ ደፈረች። ፈተና ላይ «ክፉኛ» የሚለው ቃል የትኛው የቃል ክፍል እንደሆነ ተጠይቃ «ተውሳከ ግስ» ብላ ጻፈች። መምህሩ በቀይ ሰረዘና «ቅጽል» ብሎ አረመ። በዚያች አንድ ነጥብ የተነሣ ልጅቱ ክፍል ልትደግም ሆነ።

«መዝገበ ቃላት ላይ አይቻለሁ እኮ» አለችው።

«የትኛው ላይ?»

«የትምህርት ቤታችን ላይ።»

መምህሩ ሳቁ አመለጠው። መዝገበ ቃላቱ የሚቀመጠው እሱ ቢሮ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበት ነው፤ ቁልፉም ከእሱና ከንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በቀር ማንም እጅ አይገኝም። ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ደረሰ። እናት ወደ መምህሩ ቢሮ ተጠራች። ሥራዋን አቋርጣ፣ ጣቶቿ ላይ ሙጫ እንደ ደረቀ መጣች።

«ልጅዎ መውደቋ ሳያንስ ትዋሻለች» አላት መምህሩ።

«ኧረ መምህር፣ እሷ እንኳን...»

«ይቆዩኝ እስቲ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሣጥኑን ከፈተ። ትልቁን ጥቁር መጽሐፍ አውጥቶ ደረቱ ላይ አስደገፈው። የቆዳ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መነጽሩን አስተካከለ፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጥ ገለጥ አደረገና እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክፉኛ፦ ቅጽል!» ብሎ አነበበና መጽሐፉን ጠረቀመው።

የልጅቱ ዐይን እንባ ሞላ። ርዕሰ መምህሩ ከንፈሩን መጠጠ፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዐይን ያወጣ ውሸት አይቶ አያውቅም።

«እንግዲህ መድገም ብቻ አይደለም፤ ውሸታም ከትምህርት ቤታችን ይባረራል» አለ። «እናት፣ የሚሉት አለ?»

እናት መጽሐፉን አየች። ቀጥላም መሬት መሬቱን አየች፤ ያፈረች ትመስላለች።

«ይቅርታ መምህር፣ ያ የያዙት ናሙና ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሽፋኑን አይታችሁ እንድትመርጡ ብዬ በባዶ ወረቀት የጠረዝኩት፤ መዝገበ ቃላታችሁ እንዲጠረዝ እኔ ቤት ከመጣ ሁለት ወሩ ነው።»