ሰዓት ሰጪው ጫፍ

«አነካክተሽው ይሆናላ፣ እህቴ» አለኝ ሻጩ።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ከጎኑ ከሻጩ የገዛኋቸው ሁለት ያገለገሉ የኔትወርክ ራውተሮች ተደራርበው ያጉረመርማሉ። አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው፣ ሲሪያል የሚባለው ወፍራም ሰማያዊ ኬብል ከኋላቸው ተጠማዞ ወርዷል።

«ምኑን ነው የማነካካው?» አልኩት። «ለመነካካት አይደል እንዴ የገዛሁት?»

«አትቆጪ እንጂ፣ እናቴ። ዕቃው ሰላም ነው። ከዚህ ሲወጣ በእጄ ፈትሼዋለሁ።»

ስድስት ዓመት የኔትወርክ ኬብል ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጣሪያ ጣሪያ ስሳብ ያየኝ ሁሉ «ገመዴ» ይለኛል። ባለፈው ወር የቴክኒሻን ቦታ ሲለቀቅ ተመዘገብኩ። ፈተናው ሐሙስ ነው፤ በወረቀት ሳይሆን በዕቃው ላይ። አለቃዬ ስሜን ሲጽፍ «እስቲ እናያለን» ብሎ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት መኝታ ቤታችንን ወርክሾፕ ያደረገችው።

ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱ ራውተሮች አንነጋገር አሉ። ኬብሉ መሰካቱን ያውቃሉ፤ ላፕቶፔ ላይ መስመሩ «አለ» ይላል። ንግግሩ ግን «የለም»። አድራሻቸውን አሥር ጊዜ ጻፍኩ፣ አሥር ጊዜ አጠፋሁ። ሁሉንም ደምስሼ ከዜሮ ጀመርኩ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብማ፣ ነገ ገብቼ ስሜን አሰርዛለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

«ምነው? ከማን ጋር ነው?» አለ ባለቤቴ በሩ ላይ ብቅ ብሎ። የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሳሎን የተማሪ ደብተር ሲያርም ጩኸቴ አስነስቶታል፤ ቀዩን እስክሪብቶ ጆሮው ላይ እንደሰካ ነው።

ሻጩ የወንድ ድምፅ ሲሰማ ድምፁ ለሰለሰ። «ጌታዬ! እንደምን ዋሉ? እርስዎ ቢሰሙኝ ይሻላል።»

እኔን «አንቺ»፣ እሱን «እርስዎ»! ራውተርን ከሬዲዮ የማይለየውን ሰው!

ባለቤቴ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ አንዳንዴ ያንገበግበኛል። ስልኩን አንስቶ፣ ስፒከሩን አጥፍቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ኧረ ምንም አይደል፣ ወንድሜ... አዎ፣ ትንሽ ጨንቋት ነው... ይቅርታ ያድርጉላት» ሲል ሰማሁት።

ይቅርታ ያድርጉላት።

ደሜ እስከ ጆሮዬ ፈላ። የምወረውረው ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ኬብሉን ነው። ከላይኛው ራውተር ልነቅለው ጎንበስ ስል ጫፉ ላይ ነጩን ልጣፍ አየሁ፤ ሻጩ በእጁ «ሰዓት ሰጪ» ብሎ ጽፎበታል። እንዲህ ባለው ኬብል አንዱ ጫፍ ምቱን ይመታል፣ ሌላው ተከትሎ ይራመዳል። መቺ ከሌለ ሁለቱም ቆመው ሲተያዩ ይውላሉ። እኔም ልጣፉን አምኜ «ምቱን ምታ» የሚለውን ትእዛዝ ለላይኛው ሰጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ነው። ራውተሩም «ይህ ትእዛዝ ለሰዓት ሰጪው ብቻ ነው» ብሎ መልሶልኛል። እኔ ተሳስቼ ነው አልኩ እንጂ ልጣፉ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

ከዚያ ራውተሩን ራሱን ጠየቅኩት፤ የተሰካብህ የቱ ጫፍ ነው? እንዲህ የሚጠየቅበት ትእዛዝ አለ፤ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ቀን አልጠየቅኩትም። ተጽፎ የለ፣ ምን እጠይቃለሁ! መልሱ በአንድ መስመር መጣ፦ ተከታዩ።

የሁለቱ ጫፎች ልጣፎች ተለዋውጠው ነው የተለጠፉት።

ወደ ታችኛው ራውተር ዞሬ ምቱን እንዲመታ አዘዝኩት። ስቸኩል ሁለቴ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው መስመሩም «አለ» አለ፣ ንግግሩም «አለ» አለ። ከታችኛው ወደ ላይኛው አምስት መልእክት ላክሁ። አምስቱም ደርሰው ተመለሱ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቃለ አጋኖ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ፦ !!!!!

ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ከሻጩም፣ ከአለቃዬም፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስለ እኔ ይቅርታ ከሚለምነውም ይልቅ የተናደድኩት በራሴ ነው። ዕቃው በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነግሮኝ፣ የማላውቀውን ሰው የእጅ ጽሑፍ አምኜ የገዛ ጭንቅላቴን ስወቅስ ሰነበትኩ።

«ስልኩን» አልኩ።

ባለቤቴ ፊቴን አየና ሳይከራከር ሰጠኝ። ስፒከሩን መልሼ ከፈትኩት።

«ስማኝ። ሰዓት ሰጪ ብለህ የለጠፍክበት ተከታዩ ነው፤ ተከታዩ ያልከው ደግሞ ሰዓት ሰጪው። አቃንቼዋለሁ፤ አሁን እየሠራ ነው። ለስንት ሰው ነው እንዲህ ያለ ኬብል የሸጥከው?»

ከሻጩ ኋላ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«እህቴ» አለ፣ «ይሄን ነገር... እስቲ ለጋሼ ስጪልኝ።»

ባለቤቴ እጁን ዘረጋ። ሆን ብሎ አይደለም፤ ሲጠሩት አቤት እያለ ያደገ ሰው ነው። እጁን አየሁት። ከጠረጴዛው በላይ፣ በእኔና በእሱ መሃል፣ ጣቶቹ እንደተከፈቱ ቆመ። ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ሄደ፤ ምን ማለት እንደሆኑ የማያውቃቸውን አምስት ምልክቶች አንድ በአንድ የሚያነብ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ።

እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ኪሱ ከተተው።

«ሃሎ?» ይላል ሻጩ። «ጌታዬ? ሃሎ?»