ወላጅ አምጡ

የአስራ ሁለተኛ ክፍል የመጨረሻ ቀናችን ነበር። የክፍል ኃላፊ መምህራችን ካርዳችንን ታቅፈው፣ «ወላጅ አምጡ ስትባሉ ማንን እንዳመጣችሁ እውነቱን ያልነገረኝ ካርድ አያገኝም!» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«እኔ የታክሲ ረዳት ነው ያመጣሁት» አለ ሙሉቀን። «አጎቱ ነኝ ብሎ በጥፊ አጮለኝ!»

«እኔ ደግሞ የሰፈራችንን ደላላ» አለች ጽጌማርያም። «የእውነት አባቴ እስኪመስለኝ አለቀሰ!»

እኔ አቀረቀርኩ። ጠዋት ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመጣ እያረፈድኩ፣ ዩኒት ሊደሩ ሦስቴ ወላጅ አስመጥቶኛል። ቢስቁብኝስ? ግን ካርዱን እፈልገዋለሁ፤ መዋሸቱም ኃጢአት ነው።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎስ፣ እትዬ?»

«የበኩር ልጄን ነው ያመጣሁት» አልኩ። «‹እማዬ እኮ ቤትም ምክር አትሰማም› ብሎ ፈረመልኝ።»