የስግድ ዳቦ ቦርሳ

እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ ሰፈር፣ ከሕንጻቸው ሥር፣ ልጁ የመኪናውን ኮፈን ሲከፍት የእናቱ ደም ፈላ። በየዓመቱ የቤተ እስራኤሎችን የስግድ በዓል ዳቦ በትኩሱ ኢየሩሳሌም የምታደርስበትን ሙቀት የሚይዝ ብርማ ቦርሳ ቆራርጦ፣ ሞተሩ አየር በሚስብበት ቱቦ ላይ ጠምጥሞታል።

«ብለህ ብለህ ሞተር ጋቢ ማልበስ ጀመርክ?»

«ሬጋ፣ ኢማ፣ ቆይ እማዬ! እንዲሞቀው አይደለም። ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ፣ የሞተሩ ግለት እንዳይደርስበት ነው። ንኪው እስቲ።»

ጣቷን ከመጠቅለያው ሥር ሰደደች። ሞተሩ እሳት ሆኖ ሳለ ቱቦው ቀዝቃዛ ነበር። ቦርሳው ተቆራርጦም ሥራውን አልተወም። ይኼ ደግሞ ይብስ አበገናት።

«እንግዲያው ነገ ቄሶቹ የስግድ ጾማቸውን ሲፈቱ፣ የቀዘቀዘውን ዳቦ የምታቀርበው አንተ ነህ» አለችው። «ለምን ቀዘቀዘ ሲሉህ፣ ኮፈኑን ከፍተህ ታሳያቸዋለህ!»