ከፉርሽካው የወጣው

ውብርስት ለዓመታት ከፉርሽካ ጋር ስትታገል ኖራለች። የዱቄት ፋብሪካው ለከብት መኖ ከሚሸጠው ከዚህ የስንዴ ገለፈት ውስጥ፣ የምግብ ዘይት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚከላከል ንጥረ ነገር አጣርታ ለማውጣት ስትለፋ ስንቱ ሙከራ ከሽፎባታል። «ሳይሳካ አላወራም» ብላ ለእናቷ እንኳ የምትሠራውን ነግራት አታውቅም።

በመጨረሻ ተሳካላት፤ ፋብሪካውም ግኝቷን ለሙከራ ተቀበለ። ይቀጥልበት ይሆን ወይስ ይተወው እያለች እንቅልፍ አጥታ ስትሰነብት፣ ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ደወለላት።

«እንኳን ደስ አለዎት ዶክተር! ካለፈው ወር ጀምሮ አንድም ጆንያ ፉርሽካ ከግቢያችን አልወጣም። ሁሉም ለእርስዎ ሥራ ነው የዋለው።»

የምሥራቹን ልታበስር ወዲያው እናቷ ዘንድ ደወለች። የእናቷ ድምፅ ግን ሰልሏል።

«ምነው እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ቦራን ሸጥኳት ልጄ፤ ለሥጋ ቤት።»

ውብርስት ክው አለች። እናቷ እሷን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃቻት ወተት ሸጣ ነው።

«ላሚቱን? ለምን?»

«ምን ላብላት? ፋብሪካው ፉርሽካ መሸጥ አቆመ። አንድ የተማረ ሰው መድኃኒት አገኘበት አሉ። የሰፈሩ ላም ሁሉ ተሸጦ አለቀ። ያን ሰው፣ እኔን እንዳስለቀሰኝ የእናቱን ዕንባ ያሳየው!»

ውብርስት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አንቺስ ልጄ፣ በደህና ነው የደወልሽው?»

«እንዲሁ ነው እማዬ» አለች፤ «ድምፅሽን ልስማ ብዬ።»